አንድ ሰዓት ለዓሊማ ሽንኩርት

ሰኞ፣ የካቲት 24 ቀን 2017፣ ቆቦ

ዛሬ ከበላይ ደብዳቤ መጣ። መጋቢት 13 ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:30 እስከ 3:30፣ በከተማው ያለ መብራት ሁሉ ይጠፋል። ስለ ምድራችን ደኅንነት ሲባል በዓለም ዙሪያ የሚደረግ የአንድ ሰዓት ጨለማ ነው። ኃላፊዬ ታረቀኝ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረገና፣ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፣ ሠርጉ ያንቺ ነው አለኝ። አብሮ የሪፖርት ቅጽ አለ፤ ከመጥፋቱ በፊት አንድ ፎቶ፣ ከጠፋ በኋላ አንድ ፎቶ፣ የተሳተፈው ሕዝብ በመቶኛ።

ደስ ብሎኛል። ከጎጃም እዚህ ቆላ ከተመደብኩ ሦስት ዓመቴ ነው። ሦስቱን ዓመት የጸደቀና ያልጸደቀ ችግኝ ስቆጥር ከረምኩ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የምመኘው ዓይነት ሥራ ገና ዛሬ ደረሰኝ። ታረቀኝ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ ሪፖርቱ ካማረ ለባሕር ዳሩ ዝውውሬ ጥሩ ቃል እጽፍልሻለሁ አለ።

ለዝውውሩ ብዬ አይደለም የምሠራው። ቢሆን ግን አልጠላም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

መብራት ከማክሰኞ ጀምሮ የለም። "መብራት በመቆጠብ ምድራችንን እንታደግ" የሚለውን ማስታወቂያ በስልኬ ባትሪ እያበራሁ ጻፍኩት።

አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ስለጥፍ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ፣ መብራት አጥፉ የሚል ደብዳቤ መጣላችሁ አሉ፣ አለ። ሌላው፣ ለማን፣ ለእኛ? አለው። ከዚያ ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ። ዞር ብዬ አላየኋቸውም።

እሑድ፣ የካቲት 30

እትዬ ዓሊማን እዚህ ደብተር ላይ በቅጡ አልጻፍኳትም። ቤት አከራዬ ናት። ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆነው፤ የቀራት ከከተማው ጫፍ ያለው ሁለት ጥማድ መሬት ነው። ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም ስለገጠሙ ሁለታችንም ጾመኞች ነን። የኔ ጾም እስከ ማታ ባያደርሰኝም እሷን ጠብቄ ነው የምበላው። ስታፈጥር ለኔ ሥጋ ያልገባበት ሾርባ ለብቻው ሠርታ ታቀርብልኛለች። በገዛ እናቴ ቤት እንኳ ለኔ ብቻ ድስት ተጥዶ አያውቅም።

ዛሬ ከማሳዋ ፊቷ ጠቁሮ ተመለሰች። ሽንኩርቷ ራስ መቋጠር የጀመረበት ጊዜ ነው፤ ውሃ አብዝቶ የሚፈልገው አሁን ነው። ውሃው የሚመጣው ሃያ ሰባት አባወራ በጋራ ከሚጠቀሙበት የጉድጓድ ፓምፕ ነው። የሷ ተራ ቅዳሜ ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ነው። ማሳዋ ከቦዩ መጨረሻ ላይ በመሆኑ ውሃው እስኪደርስላት ብቻ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ትናንት ሞተሩ ሲያቃስት አምሽቶ ጫፉ ሳይደርስ ሰዓቷ አለቀ።

ታዲያ የጎደለውን ነገ ለምን አይሞሉልሽም? አልኳት። በተራ ላይ ድርድር የለም አለችኝ። በተራህ መብራት ቢሄድ፣ ሞተር ቢቆም፣ ያንተ ቀደር፣ ዕድልህ ነው፤ ቀጣዩ በሰዓቱ ይገባል። እንዲያ ባይሆን ኖሮ በውሃ ስንት ሰው ይፈነካከት ነበር። ሕጉን የምትነግረኝ ያለ ቅሬታ ነው፤ የተቆጣሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2

ስብሰባው ተደረገ። መጻፍ አልፈልግም፣ ግን እጽፈዋለሁ።

ሥዕሎቼን ይዤ ስለ ምድር ሙቀት አስረዳሁ። ሰው በጨዋነት አዳመጠኝ። ከዚያ የመስጊዱ ኢማም ሼህ ሙህሲን እጃቸውን አነሱ። ብርሃን የአላህ ጸጋ ነው፣ ማባከኑም ክልክል ነው፣ በዚህ ካንቺ ጋር ነን አሉ። ግን 2:30 የተራዊህ ሶላት ላይ ነን፤ ባልቴቶቹ በጨለማ ይደናቀፉ ወይ? "ምሳሌያዊ ነው" አልኩ። ምሳሌያዊ የሚለውን ቃል በአንድ ስብሰባ ላይ ስድስት ጊዜ ሳልለው አልቀርም።

ከኋላ ኑሀ የሚባል ገበሬ ተነሳ። ቀልደኛ ነው፣ ገና ሲነሳ ሰው ፈገግ አለ።

"በጦርነቱ ጊዜ ስንት ወር ጨለማ ቁጭ ብለናል። እሱ ተቆጥሮልን ከሆነ እኛ የልጅ ልጆቻችንን ድርሻ ሁሉ ከፍለናል። ደግሞ ምልክት ነው ካልሽ፣ ለምልክት አንድ አምፖል ይበቃል።"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም እንደ ሰው ለይስሙላ ሳቅሁ።

በመጨረሻ ጋሽ ሸረፈዲን ጠየቁኝ። የፓምፑ የውሃ አባት ናቸው፤ ተራ የሚያስጠብቁት፣ ጠብ የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁም፤ ፓምፑን ይነካል ወይ? ብቻ አሉ። አይነካም አልኩ። ቃልሽ ነው? አሉ። ቃሌ ነው አልኩ። ፓምፑ መንገዱ ዳር የራሱ ትራንስፎርመር እንዳለው በየቀኑ አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ማንም አያጠፋም። በፎቶው ላይ ከተማው ቦግ ብሎ ሲታይ፣ ከሥሩ የኔ ስም ሲጻፍ ታየኝ። መቶኛ፣ ዜሮ።

ጠዋት ለመብራት ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ። ለምድር ሰዓት ፕሮግራም ሲባል የከተማው መስመር ቅዳሜ መጋቢት 13 ከ2:30 እስከ 3:30 እንዲቋረጥ የሚል ነው። ታረቀኝ ለሥልጠና ወደ ደሴ ሊሄድ አንድ እግሩ መኪና ላይ ነበር። ሳያነበው ፈረመ፣ ማኅተሙን አሳርፎ መሳቢያውን ቆለፈ፣ ሄደ።

ሰው ራሱ ካላጠፋ የሚያጠፋለት ያስፈልገዋል። አንድ ሰዓት ነው፤ እንደ ወትሮው የሄደ ነው የሚመስላቸው። ማንን እጎዳለሁ? ለማንም አልተናገርኩም፤ የሚነገር ነገር ስለሌለ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

እትዬ ዓሊማ ማታ 4:30 ገባች። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ቆመ። ውሃ ያገኘው ሲሶው ነው። የሽንኩርቱ ጫፍ ቢጫ መሆን ጀምሯል። የሚመጣው ቅዳሜም ካለፈው በቃ፣ ለገበያ የሚወጣ ሳይሆን ለወጥ የሚቀር ነው የሚሆነው አለችኝ። የዓመት ቀለቧ እሱ ነው።

አብሽሪ አልኳት፣ አይዞሽ ለማለት ከራሷ የተማርኩትን። እግሯ ጭቃ እንደሆነ ቁጭ ብላ አንቀላፋች።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

የመስመር ሠራተኛውን ተዋቸውን መንገድ ላይ አገኘሁት። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፣ ቅዳሜ 2:30 ላይ እዘጋዋለሁ አለ። ቀጥሎ፣ ፓምፑ ስለሚቆም ለጋሽ ሸረፈዲን አስቀድመሽ ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው አለኝ።

ፓምፑ የራሱ ትራንስፎርመር አለው አልኩት።

"ትራንስፎርመሩ የራሱ ነው፣ መስመሩ የጋራ ነው" አለ። ለሕፃን ሲያስረዱ እንደሚደረገው በእጁ ጭምር አሳየኝ።

የቅዳሜ ምሽት ተራ የማን እንደሆነ ለማሰብ ጊዜ አልወሰደብኝም። 2:30 ላይ ሲቋረጥ ቦዩ ይደርቃል። 3:30 ላይ ሲመለስ ውሃው እንደገና ከጉድጓዱ ተነስቶ ጫፍ እስኪደርስ የሷ ሰዓት ያልቃል። ከአሁኑ እንተወው አልኩት። በደብዳቤ የመጣ በደብዳቤ ነው የሚመለሰው አለ። ማኅተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ የመሳቢያው ቁልፍ ደሴ፣ የታረቀኝ ስልክ ጥሪ አይቀበልም፣ መንገዱም ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሰው ውሃ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ታረቀኝ አሁንም አይነሳም።

ማታ ሾርባው አልወርድ አለኝ። እትዬ ዓሊማ አየችኝ። ጠጪ እንጂ ማንያ፣ የምትነግሪኝ ነገር አለ እንዴ? አለች። ራሴን አሞኛል አልኳት። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው እንደኔ የሰው ሾርባ እየጠጣ ዝም አላለም።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ጋሽ ሸረፈዲን ዘንድ ሄድኩ። ሞተር ቤቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው የቦይ መዝጊያ ቆርቆሮ ያቀናሉ። የሰጠሁትን ቃል እንዳጠፍኩ ነገርኳቸው። መስመሩን አለማወቄን ብቻ ሳይሆን፣ መብራቱን በድብቅ ለማስጠፋት መጻፌንም። ለምን? አሉ። ሰው እንዳይስቅብኝ አልኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ አልተናገርኩትም።

ቆርቆሮውን አስቀመጡ። አባታቸውም የውሃ አባት ነበሩ። ፓምፕ ሳይኖር፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ለየማሳው በሚያካፍሉበት ዘመን። ሕጉ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው አሉኝ። የሰው ተራ የሰበረ የራሱን ተራ ይሰጣል።

"አንቺ ማሳ የለሽ፣ ተራ የለሽ። ምን ትሰጫለሽ?"

ምንም አልኩ።

ሞተሩ በምሽት የሚያቃስተው ከተማው የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲለኩስ ኃይሉ ስለሚወርድ ነው ብሎ ተዋቸው ሁልጊዜ ይነግራቸዋል። ሲነግራቸው ምን እናድርግ ብለው ትተውት ኖረዋል።

"እንግዲያው የሰበርሽውን አንድ ሰዓት ከከተማው ለምነሽ አምጪላት። ለምድር አጥፉ ስትይን፣ ምድር የማን ልጅ ናት አልን። ለዓሊማ አጥፉ በይን። ዓሊማን እናውቃታለን።"

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የውሃ ተጠቃሚው ሲሰበሰብ ቆሜ ልናገር ነው። እሷ ባለችበት።

ሐሙስ፣ መጋቢት 11

ታረቀኝ ተገኘ! ጮኸ። ያላነበበውን ወረቀት እንዳስፈረምኩት፣ ከተማው ቦግ ብሎ ከታየ የበላይ አካል ምን እንደሚል፣ ዝውውሩን ከእንግዲህ እንድረሳው። እውነቱን ነው፣ አስፈርሜዋለሁ። ጮኾ ሲያበቃ ግን በእጁ የመሰረዣ ደብዳቤ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። መጥፎ ሰው አይደለም።

ተዋቸው ፎቶውን ተቀበለ። ለሞተሩ ምን ማጥፋት እንደሚሻል ጠየቅሁት። አምፖል ምንም አይደለም፣ የሚበላው ምድጃና ምጣድ ነው፣ ማቀዝቀዣም አለ፤ አምፖሉም ቢጨመር አይጠላም አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በለጠፍኩት ማስታወቂያ ላይ ያለው የአምፖል ሥዕል ነው። ስለ ምድጃ አንድ መስመር የለም። ባለሙያ ተብዬ!

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ተናገርኩ። ሳላሳጥር። ለዝውውሬ ስል እንደሆነም ተናገርኩ፤ እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ያልጻፍኩትን።

እትዬ ዓሊማ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሻሿን አስተካከለች። መሬት መሬት አየች።

ያልጠበቅሁት የተናገረው ኑሀ ነው። እሱም ከቦዩ ጫፍ ነው፣ ተራው ማክሰኞ ምሽት። "ለሷ ከሠራ ለእኔም ይሠራል። የኔን መንደር እኔ እዞራለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ አንድ አምፖል ይበቃል ያልኩትን አንስቻለሁ፣ ሁሉንም ውሰጂ አለኝ። ሰው ሳቀ፣ ዛሬ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ሼህ ሙህሲን መስጊዱ ማራገቢያውንና ድምፅ ማጉያውን አጥፍቶ በአንድ የሶላር መብራት እንደሚሰግድ ተናገሩ። ለጎረቤት ሐቅ ከሆነ ተራዊህን በኮከብ ብርሃንም እንሰግዳለን አሉ።

ማታ እትዬ ዓሊማ ሾርባዬን እንደ ሁልጊዜው አመጣች።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ጠዋት። ሰባ ሦስት ቤት አንኳኳሁ። "ምግባችሁን ቀደም ብላችሁ አብስሉ፣ ከ2:30 እስከ 3:30 ምድጃም አምፖልም አጥፉ፣ ለዓሊማ ሽንኩርት ነው።" ስለ ምድር ሙቀት አላነሳሁም፤ ሁለት ሰዎች ግን ራሳቸው አነሱት። አንዲት ሴት በሩን ዘጋችብኝ። የካፌው ባለቤት ኳስ አለ፣ አልችልም አለ።

12:00። ሞተሩ ተነሳ።

1:40። እያቃሰተ ነው። ውሃው ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

2:20። ማንም ያጠፋ የለም። ምን ነካኝ፣ ሰው ለምን ብሎ።

2:30።

አሁን ሌሊት ነው፣ እጄ ጭቃ ነው፣ ደብተሩም ሊቆሽሽ ነው። ይቆሽሽ።

ቦዩ ዳር ካለው ጉብታ ላይ ሆኜ ከተማውን አይ ነበር። መጀመሪያ የመስጊዱ ሰፈር ጠፋ። ከዚያ ከወደ ኑሀ መንደር አንድ፣ ሁለት፣ አምስት። ከዚያ መቁጠሩ አቃተኝ። ሁሉም አይደለም። ግማሽ ቢሆን፣ ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ካፌው ቦግ እንዳለ ነው፣ የኳሱ ጩኸት እኔ ድረስ ይሰማል። ተዋቸው ደወለና ቮልቱ ከሦስት መቶ ሃያ ወደ ሦስት መቶ ስልሳ ወጣ አለ። ምን ማለት እንደሆነ ለመጠየቅ አልደረስኩም፤ የሞተሩ ድምፅ ሲቀየር በጆሮዬ ሰማሁት። ማቃሰቱን ትቶ አጓራ።

ሮጥኩ። ውሃው ከኔ ቀድሞ ይሮጥ ነበር። 3:10 ላይ ጫፍ ደረሰ። እትዬ ዓሊማ በአካፋ የመጨረሻውን መደብ ከፈተችለትና ቆመች። ውሃው በየትልሙ ሲገባ በባትሪ እያበራን አየነው።

"እትዬ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ሰኞ ዕለት ነው የሰማሁት" አለች። ተዋቸው በዚያው ምሽት ነግሯት ኖሯል። "መቼ ትነግሪኛለሽ እያልኩ ሾርባውን ሳመላልስልሽ ከረምኩ።"

"ባልነግርሽስ ኖሮ?"

"ሾርባውማ አይቀርም። ጾመኛ ነሽ።"

አለቀስኩ። ታልቅስ ብላ ተወችኝና ቀጣዩን መደብ ልትከፍት ሄደች።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሪፖርቱን ጻፍኩ። የተሳተፈው ሕዝብ፣ ሃምሳ በመቶ ገደማ። ፎቶው ላይ ካፌው እንደ ፀሐይ ያበራል። "የተገኘ ውጤት" የሚለው ቦታ ላይ፣ የአንዲት አርሶ አደር ሁለት ጥማድ ሽንኩርት ጠጣ ብዬ ጻፍኩ። ታረቀኝ እንዲህ ያለ ነገር ቅጹ ላይ አይጻፍም አለ። አልሰረዝኩትም።

አንዲት ጎረቤት ከተማ መቶ በመቶ አስመዝግባ ምስጋና ተጽፎላታል። መብራቷ ከዓርብ ጀምሮ ሄዶባት ነበር። አልተናደድኩም ብል ውሸት ነው፤ ከሰዓቱን ሁሉ ተናድጄ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ትናንት የኑሀ ተራ ነበር። ራሱ ቤት ለቤት ሲዞር፣ ለምን ብለው የጠየቁትን፣ ለምድር ነው፣ ምድሩም የኔ ነው እያለ ሲያሳስቅ ዋለ። ውሃው ደረሰለት።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ዒዱ እሑድ አለፈ። እትዬ ዓሊማ ለኔ ብቻ የምስር ሳምቡሳ ጠብሳ ነበር። ሽንኩርቱ አረንጓዴነቱ ተመልሷል። ትናንት ነቅላ ያሳየችኝ አንድ ራስ መዳፏን ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ዛሬ ታረቀኝ ደውሎ ነበር። ቁጣው በርዷል። ግንቦት ላይ ሌላ የዝውውር ዙር አለ፣ ቅጹን ልኬልሻለሁ፣ እስከ ዓርብ ሞልተሽ መልሺ አለኝ። ቅጹ ፊት ለፊቴ ነው። ስሜን ሞልቻለሁ። "ዝውውር የጠየቁበት ምክንያት" የሚለው ላይ ስደርስ እስክሪብቶውን አነሳሁ። የዛሬ ወር ቢሆን አንድ ገጽ አይበቃኝም ነበር። እናቴ ብቻዋን ናት፣ ይህ እውነት ነው። ባሕር ዳር ሐይቅ አለ፣ ሙቀቱም እንደዚህ አያቃጥልም። ሆኖም ግንቦት ላይ ጋሽ ሸረፈዲን በላይኛው ቦይ ያሉትን ገበሬዎች ሰብስበን ስለ ምድጃው እንንገራቸው ብለውኛል፣ እሺ ብያቸዋለሁ። እሺ ስል ቅጹን ረስቼው ነበር ወይስ

አሁን ግቢው በድንገት ጨለመ። መብራት ሄደ አልኩ፣ የኔ ግን ይበራል። በመስኮት አየሁ፤ ጎረቤትም ጨለማ ነው፣ ከዚያ ወዲያም። ሰዓቱ 2:30 ነው። ዛሬ ማንም ቤት ለቤት የዞረ የለም፣ ደብዳቤም አልተጻፈም።

እትዬ ዓሊማ ከደጅ ትጣራለች።

"ማንያ፣ አጥፊው እንጂ እታለም! የኑሀ ውሃ እየሄደ ነው።"

ከሰፈሩ ሁሉ የሚበራው የኔ አምፖል ብቻ ነው። እያጠፋሁት ነው።